የቅጽ መቆጣጠሪያዎችና ማክሮ በተማሪዎች ውጤት አመዘጋገብ

1. መግቢያ

በትምህርት ቤት ከሚከናወኑት የጽሕፈት ሥራዎች መካከል የተማሪዎችን ውጤት መዝግቦ እንደመያዝ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ጥቂት ነው። የክፍሉ ስም ጠሪ መምህር በዓመቱ መጨረሻ የሚያዘጋጀው ሮስተር አንድ ተማሪ ወደሚቀጥለው ክፍል መዛወሩን ወይም ክፍሉን መድገሙን የሚያሳይ፣ ከብዙ ዓመታትም በኋላ ትራንስክሪፕት ሲጠየቅ በምንጭነት የሚያገለግል ሰነድ ነው። ለምሳሌ ያህል 50 ተማሪዎች ባሉበትና 10 የትምህርት ዓይነቶች በሚሰጡበት ክፍል በሁለቱ መንፈቀ ዓመታት 1,000 ውጤቶች ይመዘገባሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ ከትክክለኛው ረድፍ ወደ ሌላው ቢዛነፍ የሁለት ተማሪዎች ድምር፣ አማካይና ደረጃ ይዛባል፤ የሌሎችም ደረጃ አብሮ ሊናጋ ይችላል።

ይህ ሥራ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሠንጠረዥ በተዛወረባቸው ትምህርት ቤቶች የመደመርና የማካፈል ድካም ቀርቷል። ስሕተቱ ግን ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ቀድሞ ስሕተት በብዛት ይፈጠር የነበረው በስሌቱ ላይ ሲሆን፣ አሁን የሚፈጠረው መረጃው ወደ ሠንጠረዡ በሚገባበት ጊዜ ነው። 85 መባል የሚገባው ውጤት 850 ተብሎ ይጻፋል፤ ጾታ በአንዱ ረድፍ «ወ»፣ በሌላው «ወንድ» ተብሎ ስለሚሞላ የወንዶቹ ቁጥር ሲቆጠር ይጎድላል፤ ቀመር ባለበት ሴል ላይ ሳይታሰብ ቁጥር ተጽፎበት ቀመሩ ይጠፋል።

የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ለዚህ ችግር ካዘጋጇቸው መፍትሔዎች መካከል የቅጽ መቆጣጠሪያዎችና እነርሱን የሚያንቀሳቅሱት ማክሮዎች ይገኙባቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኤክሴል የተባለውን ፕሮግራም በምሳሌነት ወስዶ የእነዚህን መሣሪያዎች ምንነትና አሠራር ማስረዳት፣ እንዲሁም በጥንቃቄ ካልተያዙ ሊያስከትሉት የሚችሉትን ጉዳት ማመልከት ነው።

2. አጭር ታሪካዊ አመጣጥ

ለግል ኮምፒዩተር የተዘጋጀው የመጀመሪያው ታዋቂ የሠንጠረዥ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበው ቪዚካልክ ሲሆን፣ የፈጠሩትም ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሎተስ 1-2-3 ተከተለ። ኤክሴል መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ለዊንዶውስ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1987 ቀረበ። ማክሮ፣ ይኸውም ተደጋጋሚ ሥራን በአንድ ትእዛዝ የማስፈጸም ዘዴ፣ በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ቀደም ብሎ ቢኖርም ዛሬ የሚሠራበት የቪዡዋል ቤዚክ ቋንቋ ከኤክሴል ጋር የተዋሐደው እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው 5ኛው እትም ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ መምህር ሙያተኛ ፕሮግራም ጸሐፊ ሳይሆን ለራሱ ሥራ የሚስማማ ቅጽ ማዘጋጀት ይችላል።

3. የቅጽ መቆጣጠሪያዎች ዓይነትና አሠራር

የቅጽ መቆጣጠሪያ ማለት በሠንጠረዡ ገጽ ላይ ተቀምጦ ተጠቃሚው በማውስ እየነካ ምርጫውን የሚያሳውቅበት መሣሪያ ነው። በወረቀት ቅጽ ላይ «አግባብ ባለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ያድርጉ» ከሚለው መመሪያ ጋር የሚመሳሰል አገልግሎት አለው። መሣሪያዎቹ የሚገኙት ዴቨሎፐር በሚባለው የትእዛዝ ክፍል ውስጥ ነው፤ ይህ ክፍል ፕሮግራሙ ሲጫን ተደብቆ ስለሚመጣ በቅድሚያ ከፕሮግራሙ ምርጫዎች ውስጥ ገብቶ እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከቁልፉ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት መቆጣጠሪያዎች ሁሉ ከአንድ ሴል ጋር ሊያያዙ ይችላሉ። ተጠቃሚው በመቆጣጠሪያው ላይ ያደረገው ምርጫ ወደዚህ ተያያዥ ሴል በአንድ ዋጋ ይተላለፋል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ የምልክት ሳጥን፦ አዎን ወይም አይደለም ለሚል መልስ ያገለግላል። ሲመረጥ ተያያዡ ሴል «እውነት»፣ ሳይመረጥ «ሐሰት» የሚል ዋጋ ይይዛል። «ለፈተና ያልቀረበ» ለሚለው መግለጫ ተስማሚ ነው።

ለ/ የምርጫ ክብ፦ ከብዙዎች አንዱን ብቻ ለመምረጥ ያገለግላል፤ ለምሳሌ ጾታን ወይም መንፈቀ ዓመትን። ተያያዡ ሴል የተመረጠውን ክብ ቁጥር ይይዛል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ካሉ የእያንዳንዱ ጥያቄ ክቦች በየራሳቸው ማቀፊያ ሳጥን መከበብ ይኖርባቸዋል። አለዚያ ሁሉም እንደ አንድ ምድብ ስለሚቆጠሩ ጾታ ሲመረጥ አስቀድሞ የተመረጠው መንፈቀ ዓመት ይሰረዛል።

ሐ/ ተዘርጊ ዝርዝርና የዝርዝር ሳጥን፦ በአንድ ዓምድ ላይ ከተጻፉ ስሞች መካከል አንዱን ለማስመረጥ ያገለግላሉ። ተያያዡ ሴል የሚይዘው የተመረጠውን ስም ሳይሆን ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ያለበትን ተራ ቁጥር ነው።

መ/ የመጨመሪያና የመቀነሻ ቀስት፣ እንዲሁም መንሸራተቻ፦ ቁጥርን ከተወሰነ መነሻ እስከ ተወሰነ መድረሻ ለመምረጥ ያገለግላሉ። ሁለቱም ከ0 እስከ 30,000 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ይቀበላሉ። ስለሆነም ግማሽ ነጥብ በሚሰጥበት ፈተና መድረሻው 200 ተደርጎ ተያያዡን ቁጥር በሌላ ሴል ለ2 የሚያካፍል ቀመር መጻፍ ያስፈልጋል።

ሠ/ ቁልፍ፦ ተያያዥ ሴል የለውም። ሥራው የተመደበለትን ማክሮ መጥራት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ መታወስ የሚገባው፣ ከቁልፉ በስተቀር መቆጣጠሪያዎቹ ያለ ማክሮ ሊሠሩ መቻላቸው ነው። በተያያዡ ሴል ውስጥ የገባውን ቁጥር ቀመር ወደሚፈለገው መረጃ ይለውጠዋል። ማክሮ የሚያስፈልገው መረጃው ከቅጹ ተነሥቶ ወደ መዝገቡ መዛወር ሲኖርበት ነው። ቀመር ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ለማክሮ መስጠት የፋይሉን አያያዝ ያለ በቂ ምክንያት ያወሳስባል። እንዲያውም በአንድ ሴል ውስጥ የሚጻፈውን በጥቂት ምርጫዎች መወሰን ብቻ ከተፈለገ የመረጃ ማረጋገጫ የሚባለው የፕሮግራሙ ክፍል ይበቃል። ይሁን እንጂ ይህ ማረጋገጫ የሚቆጣጠረው በኪቦርድ የሚጻፈውን ነው፤ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የሚለጠፍ መረጃ ያለ ተቃውሞ ሊያልፈው ይችላል።

4. ተራ ቁጥርና የተማሪው ማንነት

በዚህ የአሠራር ዘዴ ውስጥ ከሁሉ የከፋውን ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው ተራ ቁጥርን ከተማሪው ማንነት ጋር ማምታታት ነው። ከላይ እንደተገለጸው ከተዘርጊ ዝርዝር አንድ ተማሪ ሲመረጥ ተያያዡ ሴል ተራ ቁጥሩን ብቻ ይይዛል። ለምሳሌ ስሟ በፊደል ተራ 7ኛ የሆነች ተማሪ ስትመረጥ በሴሉ ውስጥ የሚገባው 7 የሚለው ቁጥር ነው። የመዝገቡ አዘጋጅ ይህንን 7 እንዳለ ከውጤቷ ጋር ቢያስቀምጠው ለጊዜው ችግር አይታይም።

ይሁን እንጂ በጥር ወር ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ተማሪ ስም በፊደል ተራ 3ኛ ሆኖ ቢገባ፣ ከእርሱ በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ረድፍ ይወርዳሉ። ተማሪዋ 8ኛ ትሆናለች፤ 7 የሚለው ቁጥር ግን አሁን የሚያመለክተው ቀድሞ 6ኛ የነበረውን ተማሪ ነው። ከዚያ በፊት የተመዘገቡት የተማሪዋ ውጤቶች በሙሉ በሌላ ሰው ስም ይነበባሉ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የለም፤ ድምሩም አማካዩም ሳይጓደል ይወጣል። ስሕተቱ ሊታወቅ የሚችለው ተማሪው ወይም ወላጁ ካርዱን ተመልክቶ አቤት ሲል ብቻ ነው። ከሚገባው በላይ ውጤት የደረሰው ተማሪ ደግሞ አቤት ላይል ይችላል።

ስለሆነም እያንዳንዱ ተማሪ በዓመቱ ውስጥ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ተያያዡ ሴል የያዘው ተራ ቁጥር ወዲያውኑ ኢንዴክስ በተባለው ቀመር አማካይነት ወደ መለያ ቁጥሩ ተለውጦ፣ በመዝገቡ ውስጥ የሚቀመጠው መለያ ቁጥሩ ብቻ መሆን አለበት። እንዲህ ሲደረግ ዝርዝሩ በፊደል ተራም ሆነ በደረጃ ቢደረደር ውጤቱ ከባለቤቱ አይለይም።

ከዚሁ ጋር ሦስት ተጨማሪ ነጥቦች መጤን አለባቸው። አንደኛ፣ ከምርጫ በፊት ተያያዡ ሴል ባዶ ወይም 0 ሊሆን ይችላል። ኢንዴክስ የተባለው ቀመር 0 ሲደርሰው የሚመልሰው አንድን ስም ሳይሆን መላውን ዓምድ ስለሆነ፣ ቀመሩ 0ን አስቀድሞ እንዲለይ ተደርጎ መጻፍ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ ለ50 ስሞች ተወስኖ ከሆነ ከመጨረሻው ስም በታች የተጻፈ 51ኛ ተማሪ በመቆጣጠሪያው ላይ አይታይም። ስለሆነም አዲስ ስም በተጨመረ ቁጥር የዝርዝሩን ወሰን መመርመር ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ በምርጫ ክቦች የትኛው ክብ የትኛውን ቁጥር እንደሚሰጥ ከአቀማመጣቸው በመገመት ብቻ መወሰን አይገባም። ቅጹ ለሥራ ከመቅረቡ በፊት እያንዳንዱን ክብ ተጭኖ በተያያዡ ሴል የሚገባውን ቁጥር ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

5. ዜሮ ያገኘና ያልተፈተነ

ሌላው ከተማሪው መብት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ጉዳይ የዜሮ አያያዝ ነው። የመጨመሪያና የመቀነሻ ቀስት መነሻው 0 ከሆነ፣ መምህሩ ገና ያልነካው ቅጽ 0 ነጥብ ካገኘ ተማሪ ቅጽ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። በሕመም ምክንያት ለፈተና ያልቀረበ ተማሪ ሳይታሰብ 0 ሊመዘገብበት ይችላል። አማካይ የሚያወጣው ቀመር ባዶ ሴልን ሳይቆጥር ያልፋል፤ 0ን ግን እንደ ማንኛውም ውጤት ይቆጥራል። በ4 የትምህርት ዓይነቶች 80፣ 70፣ 60 እና 0 የተመዘገበለት ተማሪ አማካዩ 52.5 ሲሆን፣ 4ኛው ሴል ባዶ ቢሆን 70 ይሆናል።

ከሁለቱ የትኛው ለተማሪው እንደሚገባ የሚወስነው የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው፤ ኮምፒዩተሩ በቸልተኝነት ሊወስነው አይገባም። ለዚህ የሚበጀው ዘዴ «ለፈተና ያልቀረበ» የሚል የምልክት ሳጥን በቅጹ ላይ ማኖር ነው። ሳጥኑ ከተመረጠ ማክሮው የውጤቱን ሴል ባዶ ትቶ ከጎኑ ባለው ዓምድ ምክንያቱን ይመዘግባል። ሳጥኑ ሳይመረጥ 0 ከተሰጠ ደግሞ ማክሮው ወዲያው ሳይመዘግብ መምህሩ ውጤቱን በሌላ ምልክት እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል።

6. የማክሮ ድርሻ

ማክሮ በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። አንደኛው ተጠቃሚው የሚሠራውን ሥራ ፕሮግራሙ እየተከታተለ እንዲቀዳ ማድረግ ነው። ለጀማሪ ጥሩ መማሪያ ቢሆንም የተቀዳው ማክሮ በተለይ ካልታዘዘ በስተቀር በተቀዳበት ጊዜ የተነኩትን ሴሎች ብቻ ደጋግሞ ስለሚነካ፣ ለተለያዩ ተማሪዎች እንዳለ አያገለግልም። ሁለተኛው መንገድ ትእዛዞቹን በቪዡዋል ቤዚክ ቋንቋ መጻፍ ነው።

«መዝግብ» በሚለው ቁልፍ የሚጠራ አንድ ማክሮ በቅደም ተከተል የሚከተሉትን ተግባሮች ማከናወን ይኖርበታል፦

ሀ/ ተማሪ፣ የትምህርት ዓይነትና መንፈቀ ዓመት መመረጣቸውን ማረጋገጥ፤ አንዱ ከጎደለ ሥራውን ማቆም፤

ለ/ ውጤቱ ከተፈቀደው ወሰን ውስጥ መሆኑን መመርመር፤

ሐ/ በመለያ ቁጥሩ አማካይነት የተማሪውን ረድፍ በመዝገቡ ውስጥ መፈለግ፤ ካላገኘም መናገር፤

መ/ በሴሉ ውስጥ ቀደም ብሎ የተመዘገበ ውጤት ካለ ሳይሰርዝ ማሳወቅ፤

ሠ/ ውጤቱን መጻፍ፤ የመዘገበበትንም ቀንና ሰዓት ማኖር፤

ረ/ ለሚቀጥለው ተማሪ ቅጹን ባዶ ማድረግ።

ከእነዚህ ውስጥ አራተኛው ሊዘለል የማይገባው ነው። ማክሮ በሠንጠረዡ ላይ ያደረገውን ለውጥ በተለመደው የመመለሻ ትእዛዝ መመለስ አይቻልም፤ ማክሮው በሠራ ጊዜ ከእርሱ በፊት የነበሩት የመመለሻ እርምጃዎችም ይጠፋሉ። በኪቦርድ ሲጻፍ የተሳሳተ መምህር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲችል፣ በማክሮ የተሰረዘ ውጤት ግን የሚገኘው ቅጂ ከተቀመጠ ብቻ ነው።

ማክሮ ከመመዝገብ በተጨማሪ መቆጣጠሪያዎቹን ራሳቸውን በማዘጋጀት ድካም ይቀንሳል። ለ50 ተማሪዎች በየረድፋቸው የመገኛ ምልክት ሳጥን ማድረግ ቢፈለግ አንዱን ሠርቶ ሌሎቹን መቅዳት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የተቀዱት ሳጥኖች ሁሉ ከመጀመሪያው ሴል ጋር እንደተያያዙ ስለሚቀሩ አንዱ ሲመረጥ ሁሉም ይመረጣሉ። እያንዳንዱን ሳጥን ከየረድፉ ሴል ጋር የሚያያይዝ አጭር ማክሮ ግን ሥራውን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። እንደዚሁም ለ50 ሳጥኖች 50 ማክሮ መጻፍ አያስፈልግም፤ አንዱ ማክሮ ለሁሉም ይመደብና አፕሊኬሽን ኮለር በሚባለው ትእዛዝ የጠራው ሳጥን የትኛው እንደሆነ ስሙን ያውቃል። ከስሙም ሳጥኑ ያረፈበትን ረድፍ ያገኛል።

7. የአማርኛ ጽሑፍና ማክሮ

በአማርኛ የሚሠራ ትምህርት ቤት አንድ ልዩ እንቅፋት ያጋጥመዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ስለተካተተ በሠንጠረዡ ሴሎች፣ በገጾች ስምና በመቆጣጠሪያዎች ላይ አማርኛ ያለ ችግር ይጻፋል። የማክሮ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ግን በዚህ ሥርዓት የተሠራ ባለመሆኑ በውስጡ የተጻፈ የአማርኛ ቃል ወደ ጥያቄ ምልክቶች ይለወጣል። በቪዡዋል ቤዚክ የመልእክት ሳጥን ላይ እንዲወጣ የታዘዘ የአማርኛ ጽሑፍም በተመሳሳይ ሁኔታ ይበላሻል።

ለዚህ ተግባራዊ መፍትሔ አለ። የሚያስፈልጉት መልእክቶች፣ ለምሳሌ «ተማሪ አልተመረጠም» ወይም «ውጤቱ ከተፈቀደው ወሰን ውጭ ነው» የሚሉት፣ በአንድ የተለየ ገጽ ላይ በየሴሉ ይጻፋሉ። ማክሮው ቃላቱን ራሱ ሳይጽፍ ተገቢውን ሴል አንብቦ በቅጹ ላይ ለማስታወቂያ ወደተመደበው ሴል ያስተላልፋል። የገጾቹንም የአማርኛ ስም በትእዛዙ ውስጥ ከመጥራት ይልቅ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ገጽ በሚሰጠው የውስጥ መጠሪያ መጠቀም ይገባል። ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው፦ የመልእክቱን አገላለጽ ማረም የፈለገ መምህር የማክሮ ቋንቋ ሳያውቅ ሴሉን ብቻ ሊያርም ይችላል፤ ቅጹንም ወደ ሌላ የኢትዮጵያ ቋንቋ መመለስ ቀላል ይሆናል።

8. ጥበቃና ደኅንነት

ቅጹ ከተዘጋጀ በኋላ ቀመሮቹ እንዳይነኩ ገጹን መቆለፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን ተያያዡ ሴል አብሮ ከተቆለፈ መቆጣጠሪያው ሲነካ የስሕተት ማስታወቂያ ይወጣል። ተያያዥ ሴሎችን ሁሉ ባልተቆለፈና በተደበቀ ሌላ ገጽ ላይ ማሰባሰብ ችግሩን ያስወግዳል።

ፋይሉ የሚቀመጥበትም ዓይነት ወሳኝ ነው። ከኤክሴል 2007 ወዲህ ማክሮ ያለበት ፋይል ማክሮ ለመያዝ በተፈቀደለት የፋይል ዓይነት መቀመጥ አለበት፤ በተራው የፋይል ዓይነት ከተቀመጠ ማክሮዎቹ ተወግደው ቁልፎቹ ሥራ ፈት ይሆናሉ።

ማክሮ የጥፋት መሣሪያ ሆኖ ያገለገለበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በኢሜይል የተሠራጨው ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ በወርድ ሰነድ ማክሮ ውስጥ የተሸሸገ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት በመጡ ፋይሎች ውስጥ ያሉ ማክሮዎች እንደ መደበኛ ደንብ እንዲታገዱ አድርጓል። በዚህም የተነሣ በኢሜይል የተላከ የውጤት ቅጽ በተቀባዩ ዘንድ ላይሠራ ይችላል። መፍትሔው ጥበቃውን በጠቅላላው ማንሣት ሳይሆን፣ ፋይሉ ከታወቀ ሰው መምጣቱን አረጋግጦ ለዚያው ፋይል ብቻ መፍቀድ ነው።

ከቅጽ መቆጣጠሪያዎች ጎን የሚገኙት አክቲቭኤክስ የተባሉት መቆጣጠሪያዎች ብዙ ዓይነት ባሕርይ ቢኖራቸውም በማኪንቶሽ ላይ አይሠሩም። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የኦፊስ እትም ደግሞ ተዘግተው ቀርበዋል። ስለዚህ ለብዙ ዓመት እንዲያገለግል ለሚታሰብ የትምህርት ቤት መዝገብ ቀለል ያሉት የቅጽ መቆጣጠሪያዎች ይመረጣሉ።

9. ማጠቃለያ

የቅጽ መቆጣጠሪያዎች መረጃ በተወሰነና በታወቀ መልክ ብቻ ወደ መዝገቡ እንዲገባ ያደርጋሉ። ቀመሮች ያንን መረጃ ይተረጉማሉ፤ ማክሮዎችም ወደሚቀመጥበት ስፍራ ያደርሱታል። እያንዳንዱ በድርሻው ከተወሰነ መዝገቡ ለመመርመርም ለማረምም የተመቸ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቅጹ በጥሩ ሁኔታ መሥራቱ ውጤቱ የትክክለኛው ተማሪ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ይህ ርእስ በሚሰጥበት ጊዜ እጩ መምህራኑ ቁልፍ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ቅጹን መፈተንንም አብረው መልመድ ይኖርባቸዋል። በምናባዊ ስሞች የተዘጋጀ ዝርዝር ተሰጥቷቸው፣ በመካከሉ አዲስ ተማሪ አስገብተው፣ ዝርዝሩን በሌላ ተራ ደርድረው፣ አንዱን ተማሪ ሳይፈተን አስቀርተው ውጤቶቹ በየባለቤታቸው ስም መቆየታቸውን ይመርምሩ። ቅጹን ያዘጋጀው መምህር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወር የሚተካው ሰው እንዲረዳው፣ የእያንዳንዱ ተያያዥ ሴል አገልግሎትና የእያንዳንዱ ማክሮ ተግባር በአማርኛ ተጽፎ በፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሊቀመጥ ይገባል። በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻም ሮስተሩ ታትሞ፣ መምህራኑ ከማርክ መዝገቦቻቸው ጋር አስተያይተው ከፈረሙበት በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ። አቤቱታ ያቀረበ ተማሪ ጉዳይ በትክክል ሊታይ የሚችለው ከኮምፒዩተሩ ፋይል ጋር የሚመሳከር እንዲህ ያለ የተፈረመ ሰነድ ሲኖር ነው።